በደጋ አገር ዐፈርን ስለ ማቃጠልና በዐፈር ውስጥ ስለሚሠሩት ረቂቃን ተሐዋስያን

የደጋ ገበሬ ጦም ያደረ መሬቱን አርሶ፥ ጓሉን ከምሮ በእሳት ሲያቃጥለው ያየ ሹም ሁሉ ሁለት ዐሳብ ይመጣበታል። አንደኛው፥ ይህ ሰው መሬቱን በገዛ እጁ ያጠፋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሚከተለው ክረምት በዚያው በተቃጠለው ስፍራ ላይ የቆመውን ገብስ ባየ ጊዜ፥ ለካ ገበሬው ከእኔ ይልቅ ያውቃል የሚል ነው። ሁለቱም ዐሳብ እውነት አለበት። ነገር ግን እውነቱ ምን ያህልና እስከ መቼ እንደ ሆነ ሳይመረመር ክልከላ ማውጣትም ሆነ ዝም ብሎ ማየት መልካም አስተዳደር አይደለም። ምርመራውም የሚጀመረው ከምድር በላይ ከሚታየው ጢስ ሳይሆን በዐፈሩ ውስጥ ካሉት ከማይታዩት ሠራተኞች ነው።

ልማዱ የቈየ ነው። በሰሜን ሸዋ ከሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው ደጋ፥ መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ በሚልበት አገር የታወቀ ነው። ገበሬው ብዙ ዓመት ሣር በቅሎበት የኖረውን መሬት በበጋ ደጋግሞ ያርሰዋል። ጓሉ የሣሩን ሥር እንደ ያዘ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በየስፍራው እየተሰበሰበ ይከመራል፤ በክምሩም ሆድ ውስጥ ኩበት ገብቶ እሳት ይለኰስበታል፤ አፉም በዐፈር ይዘጋል። ነበልባል አይታይም፤ ክምሩ ግን ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ብዙ ቀን ይሰነብታል። በበረደም ጊዜ፥ ጥቁር የነበረው ዐፈር ወደ ቀይነት ተለውጦ በእርሻው ላይ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት መከር ያማረ ነው፤ የሁለተኛው ያንሳል፤ ከዚያም በኋላ መሬቱ ዐሥር ዓመትና ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ጦም እንዲያድር ይተው ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ሊጤን ይገባል። አባቶች ካቃጠሉ በኋላ መሬቱን ለረዥም ዘመን ማሳረፋቸው መሬት ስለ ተትረፈረፋቸው ብቻ አልነበረም። እሳቱ ምን እንደ ወሰደ በስሙ ባይጠሩትም በመከሩ ማነስ ያውቁት ነበር።

በሁለት ጣት ተቈንጥሮ በሚያዝ በአንድ ግራም መልካም ዐፈር ውስጥ፥ ከመቶ ሚሊዮን እስከ ሺህ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። ከእነርሱም ጋራ እንደ ሐር የቀጠኑ የሻጋታ ክሮችና ባክቴሪያን የሚመገቡ ሌሎች ረቂቃን ፍጥረቶች አሉ። የሁሉም ሥራ የሞተውን ሥር፥ ገለባውንና ፍጉን አፍርሶ ተክል ሊመገበው ወደሚችለው ነገር መመለስ ነው። ይህ በዐይን ስለማይታይ ለብዙ ዘመን እንደ ተራ የዐፈር ጠባይ ይቈጠር ነበር። በ1877 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ሽሎዚንግና ሙንትዝ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት አሸዋ በሞላበት ረዥም ቧንቧ ላይ የከተማ ፍሳሽ ውሃ ቀስ እያለ እንዲወርድ አደረጉ። 20 ቀን ያህል ውሃው እንደ ገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ በውሃው የነበረው አሞንያ ናይትሬት ወደሚባለው ወደ ተክል ምግብ ተለውጦ ይወርድ ጀመር። የክሎሮፎርም ተን ባስገቡበት ጊዜ ለውጡ ቆመ፤ ክሎሮፎርሙ ከወጣ በኋላ ዐፈር የታጠበበት ጥቂት ውሃ ቢጨምሩበት ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። ክሎሮፎርም ሕይወት ያለውን ይገድላል እንጂ አሸዋን አይለውጥምና፥ ሠራተኛው ሕይወት ያለው ፍጥረት እንደ ሆነ በዚህ ተረዳ። በ1890 አካባቢም ቪኖግራድስኪ የሚባለው የሩስያ ሊቅ እነዚህን ባክቴሪያዎች ከሌሎቹ ለይቶ አወጣቸው።

እንግዲህ ገበሬ በምድር ላይ ካሉት ከሁለቱ በሬዎቹ ሌላ በምድር ውስጥ ቍጥር የሌለው ሎሌ አለው። የሎሌውም ቀለብ ሥሩ፥ ገለባውና ፍጉ ነው። ቀለቡን የተነፈገ ሎሌ እንደማይሠራ ለሹማምንት ማስረዳት አያሻም።

የደጋው ነገር ከቈላው የሚለየው በብርዱ ነው። የዐፈሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የነዚህ ተሐዋስያን ሥራ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ናይትሬት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በ25ና በ30 ዲግሪ መካከል ይበረታሉ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ይዝላሉ፤ ውሃ በሚረጋበት ብርድ ግን ሥራቸው የቆመ ያህል ነው። ውርጭ በሚወርድበት አገር፥ በቈላ በአንድ ክረምት የሚበሰብሰው ገለባ ሳይበሰብስ ይከርማል። ስለዚህ በደጋ ሜዳ ላይ በየዓመቱ ከሚፈርሰው ይልቅ የሚከማቸው ይበዛል፤ ከሣሩ ሥር ያለው ዐፈርም በብዙ ዘመን በተጠራቀመ ሀብት የተሞላ ነው። ይህ ሀብት ጎተራ ነው፤ ቍልፉ ግን በብርድ እጅ ነው። ገበሬው በሞላ ጎተራ በር ላይ ቆሞ ይራባል።

በዚህ ላይ ደግሞ የክረምት ውሃ ይጨመራል። ጭቃው ከባድ በሆነበት ሜዳ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይተኛል። ውሃ የሞላው ዐፈር አየር የለውም፤ አየር በጠፋም ጊዜ ሌላ ወገን ባክቴሪያዎች ይነሡና በመከራ የተሠራውን ናይትሬት አፍርሰው ወደ ነፋስነት ይለውጡታል። በሐምሌና በነሐሴ ገብሱ ሜዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ሲታይ፥ አንዱ ምክንያት ይህ የምግብ መጥፋት ነው።

እሳቱ የሚያደርገው የጎተራውን በር መስበር ነው። በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ራስልና ሃቺንሰን በ1909 ባሳተሙት ሥራ ላይ፥ ዐፈርን ወደሚፈላ ውሃ ሙቀት አስጠግተው ካሞቁት በኋላ አርጥበው ቢያስቀምጡት የባክቴሪያው ቍጥር በመጀመሪያ እጅግ ዝቅ እንዳለ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከቀድሞው በልጦ እንደ ተነሣና አሞንያውም እንደ በዛ ገለጹ። እነርሱ የሰጡት ምክንያት፥ ሙቀቱ ባክቴሪያን የሚበሉትን ፍጥረቶች ስለ ገደለ ነው የሚል ነበር። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን በዚያው ጣቢያ ሲመረምሩ ሌላ ነገር አገኙ። ከእሳት የተረፉት ጥቂቶች የሚበሉት በአብዛኛው የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ሥጋ ነው፤ የበዛውም አሞንያ ብዙው ከዚያ የወጣ ነው። በ1976 ጄንኪንሰንና ፓውልሰን ይህንኑ መሠረት አድርገው፥ ዐፈሩን በክሎሮፎርም ተን ገድለው ከሬሳው የሚወጣውን በመለካት በዐፈር ውስጥ ያለውን ሕያው ነገር የሚመዝኑበትን ዘዴ አወጡ። የሽሎዚንግ ክሎሮፎርም ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ መዋሉ ይደንቃል።

የዚህ ትርጕም ለደጋ ገበሬ ግልጥ ነው። ከቃጠሎ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው የገብስ ውበት ከፊሉ ከአመድ የመጣ ነው፤ ከፊሉም የሎሌዎቹ የራሳቸው ሥጋ ነው። የእርሻ በሬውን አርዶ ለዓመቱ በዓል ግብር ያበላ ሰው በዚያ ቀን ሀብታም ይመስላል።

እሳቱ በክምሩ ውስጥ ሁሉን እኩል አያቃጥልም። ከክምሩ ዳር ያለው ጓል ሞቅ ብሎ ብቻ ይቀራል፤ እዚያ ከባዱን ሙቀት የሚችሉት፥ በሽፋን ተጠቅልለው የሚተኙት ወገኖች ይተርፋሉ። ናይትሬት የሚሠሩት ግን ከሁሉ ቀድመው ይሞታሉ፤ የሻጋታው ክሮችም እንዲሁ። ስለዚህ በተቃጠለ መሬት ላይ አሞንያው ሲበዛ ናይትሬቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በክምሩ መካከል ያለው ዐፈር ደግሞ ከሕያዋኑ ሌላ ቀለባቸውንም ያጣል። በ1978 ሣህለ መድኅን ሠርፁ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የዐፈር ሊቅ ከፔድሮ ሳንቼዝ ጋራ ሆነው የዚህን ልማድ ነገር ለመመርመር ዐፈርን በልዩ ልዩ መጠን እስከ 600 ዲግሪ እያሞቁ ፈተኑት። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቍጥር የበሰበሰው ሀብት እየተቃጠለ ይጠፋል፤ ረቂቁ ጭቃም እርስ በርሱ ተጋግሮ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይህ መሻከር ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ስለሚያደርግ ለጥቂት ዓመት ይጠቅማል፤ ገበሬውም ይህን ማየቱ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን እንደ አሸዋ የሻከረ ጭቃ ምግብን አጥብቆ አይዝም፤ ሸክላ ከተተኰሰ በኋላ ወደ ጭቃነት እንደማይመለስ፥ ይህም አይመለስም።

የቀረው ነገር የመመለሻው ዘመን ነው። ከክምሩ ውጭ ያልተቃጠለ ዐፈር ስላለ ተሐዋስያኑ ከዚያ እየተነሡ ወደ ተቃጠለው ይገባሉ። በሞቃት አገርና ቀለብ በሞላበት ዐፈር ይህ ቶሎ ይሆናል። በደጋ ግን ሁለት ነገር ይከለክላቸዋል፤ ብርዱ እጃቸውን ያሥራል፥ ቀለባቸውም በጢስ ሄዷል። ሣሩ እንደ ገና በቅሎ፥ ሥሩ ሞቶ፥ ቀለቡ እስኪጠራቀም ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። የቀድሞው የዐሥር ዓመት ዕረፍት የሚሰጠው ይህንኑ ጊዜ ነበር። ዛሬ በደጋው የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ጠቧል፤ ዐሥር ዓመት የሚያሳርፍ ገበሬ ከየት ይገኛል? ዕረፍቱ ከቀረ በኋላ ቃጠሎው ብቻውን ቢቀጥል፥ የአባቶች ልማድ ነው ለማለት አይቻልም፤ የልማዱ ግማሽ ተቈርጦ ቀርቷልና።

ሹማምንት ይህን በሰሙ ጊዜ የመጀመሪያው ዐሳባቸው ክልከላ እንዲሆን ይጠበቃል። ነገር ግን የሌላው አገር ታሪክ ሌላ ያስተምራል። ይኸው ልማድ በኤውሮጳ ብርዳም አገሮችም ነበረ። በእንግሊዝ አገር ሣር ያለውን የምድር ቆዳ ልጦ ማቃጠል ከዴቮን ግዛት ስም የወጣ መጠሪያ ነበረው፤ ፈረንሳዮችም ኤኮቡዋዥ ይሉታል። በአየርላንድ በ18ኛው መቶ ዓመት ይህን የሚከለክል ሕግ ከነመቀጫው ወጣ። ሕጉ እያለ ግን ድኻው ድንች ለመትከል እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ምድሩን ማቃጠሉን አልተወም፤ ሌላ ፍግ አልነበረውምና። በቂ ፍግ በሌለበትና ውሃው በሚተኛበት ሜዳ ላይ አታቃጥል ብሎ ማዘዝ፥ በትእዛዙ ምትክ ምንም ሳይሰጡ፥ ገበሬውን ለመቀጫ፥ ጭፍራውን ለጉቦ ማጋለጥ ብቻ ነው።

ምትኩ ከውሃው ይጀምራል። በጅሩ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በጥቁሩ ጭቃ ላይ በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ እየሠሩ ውሃውን ማውረድ ከጥንት ያውቁበታል። በ1980ዎቹም በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ርባታ ማዕከል ከሌሎች ጋራ ሆኖ፥ ሁለት የአገር ማረሻ ተጋጥሞ በበሬ የሚሳብ መደብ ማውጫ አሰናዳ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፈሰስ በየማሳው መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ የአንዱ ፈሰስ ወደ ሌላው ማሳ እንዳይገባ አንድ ዋና መውረጃ ያስፈልጋል። ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቶ መውረጃውን የሚያስወጣው ገበሬው ብቻውን ሳይሆን የቀበሌና የወረዳ ሹም ነው። በደጋው ለዐፈር ሕይወት አንድ ሹም ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይገባል፥ ዐፈሩም ፈጥኖ ይሞቃል፥ ጎተራውም ያለ እሳት ይከፈታል።

ሁለተኛው የፍጉ ነገር ነው። በደጋ እንጨት ስለሚያንስ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ከምድጃው የሚወጣው አመድ ለተክል ጥቂት ይጠቅማል፤ ለተሐዋስያኑ ግን ቀለብ አይሆንም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ በተስፋፋበት ስፍራ ሴቶች ኩበት ከመጠፍጠፍ ጥቂት እንዳረፉ የታየ ነው። ባሕር ዛፉ በእርሻ ዳር ሲተከል ውሃ መሻማቱ ቢነገርበትም፥ ለእርሻ በማይሆን ገደላ ገደል ላይ የተተከለ እንደ ሆነ ለማገዶ ኩበትን ይተካል፤ ፍጉም ወደ ማሳው ይመለሳል።

ገለባን በጥሬው በምድር መቅበር በደጋ አይመከርም። ገለባ ናይትሮጅኑ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ባክቴሪያዎቹ እርሱን ለማፍረስ ከዐፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዱበትና ገብሱ ይጐዳል። ይልቁን ገለባውና ፍጉ ተደራርቦ፥ ጥቂት ዐፈር በመካከሉ እየተነሰነሰ ረጥቦ በአንድ ስፍራ ይከመር። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ተሐዋስያኑ ከሥራቸው በሚወጣው ሙቀት ራሳቸውን ያሞቃሉ፤ ውስጡም እስከ 50ና 60 ዲግሪ ይደርሳል። ውርጭ በወረደበት ጥዋት ከእንዲህ ያለ ክምር እንፋሎት ሲወጣ ይታያል፤ እዚያ ውስጥ ብርድ የለም። ክምሩ ትንሽ ከሆነ ግን ብርዱ ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በላዩም ሣር ወይም ገለባ ይከደንበት።

ሦስተኛው ባቄላና አተር ነው። በ1880ዎቹ ሄልሪግልና ቪልፋርት የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት የአተር ወገን ተክሎች ከነፋስ ናይትሮጅን እንደሚያገኙ አስረዱ፤ በ1888 ቤየሪንክ የሚባል ሆላንዳዊ ይህን የሚያደርገውን ባክቴሪያ ከሥሩ ቍጥር ውስጥ ለይቶ አወጣው። ይህ ባክቴሪያ ሽፋን ሠርቶ የሚተኛ ዐይነት ስላልሆነ በክምሩ ሙቀት ይሞታል፤ ኰምጣጣ ዐፈርም ያዳክመዋል። በዚህ ምክንያት በተቃጠለ ማሳ ላይ ባቄላ የሚዘራ ሰው ባክቴሪያውን ከዘሩ ጋራ ቢጨምር ይበጀዋል። ባክቴሪያው ተዘጋጅቶ በከረጢት ይሸጣል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። በፀሐይ በጋለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ወር ከቈየ ለገበሬው የሚደርሰው የሞተ ዱቄት ነው፤ ባቄላው ሳይሰምር ሲቀርም ጥፋቱ በዘሩ ወይም በገበሬው ይላከካል። የወረዳው ግምጃ ቤት ጠባቂ ከረጢቱን በቀዝቃዛና ጥላ በሆነ ስፍራ እንዲያስቀምጥ፥ የደረሰበትንም ቀን እንዲጽፍ ማዘዝ ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ አንዳንዱ ገበሬ ማቃጠሉን ላይተው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚነገረው ምክር ይህ ነው። ማሳውን በሙሉ አይልጠው፤ በክምርና በክምር መካከል ያልተነካ ዐፈር ይተው። እሳቱን ያሳንስ፤ ጓሉ ከቀላ አልፏል። ዐፈሩንም በበተነ ጊዜ የበሰበሰ ፍግ ጨምሮ ይበትን፤ ለአዲሶቹ ሎሌዎች ስንቅ ይሆናል። አንድ ጊዜ ያቃጠለውን ማሳ ሁለተኛ አይንካው።

የወረዳ ሹም በገበሬው ፊት ይህን ነገር ለማስረዳት ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከአንድ ጣቃ አቡጀዲ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ሁለት ያስቈርጥ፤ ናይሎን የተቀላቀለበት ጨርቅ ግን አይሆንም። አንዱን ባለፈው ዓመት በተቃጠለ ማሳ፥ ሁለተኛውን በአጠገቡ ባለ ፍግ በለመደ ማሳ፥ በአንድ ቀን አራት ጣት ያህል ጥልቀት ይቅበራቸውና ስፍራውን በችንካር ያመልክት። በሰኔ የተቀበረው በነሐሴ መጨረሻ ባለ ማሳዎቹ ባሉበት ይውጣ። ጥጥ የተሐዋስያን ቀለብ ነውና፥ ሕያው በሆነው ዐፈር ውስጥ የነበረው ጨርቅ ተበልቶ እንደ ወንፊት ይሆናል፤ ሕይወቱ ባነሰበት የተቀበረው ግን መልኩ ከመቈሸሹ በቀር እንደ ጤነኛ ይወጣል። የባቄላው ምርመራ ደግሞ ሲያብብ ይደረጋል። ሥሩ ሳይቈረጥ ከዐፈሩ ጋራ በዶማ ይነሣና በውሃ ይታጠብ፤ በሥሩ ላይ ያሉት ቍጥሮች በጥፍር ይሰንጠቁ። ውስጣቸው እንደ ሥጋ የቀላ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፥ ወይም ከነጭራሹ ቍጥር ከሌለ፥ ያ ማሳ ለሚመጣው ዓመት ባክቴሪያው ከሚታደላቸው ማሳዎች ጋራ በመዝገብ ይጻፍ።